የልጃችሁን የመከላከያ ኃይል በጊዜው ስለ ማሠልጠን፤ ለበየዳ ወላጆች የተጻፈ መመሪያ

ከራስ ዳሸን ጫፍ በታች፣ ገብስ በሚዘራበትና በጎች በሚሰማሩበት በበየዳ ምድር ለሚኖር ሰው የሐኪም ቤት ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የመንገድ ነገር ነው፤ ከድል ይብዛ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ገደሉና ዳገቱ የበዛ፣ በክረምትም ጭቃና ጉም የሚያከብደው ስለ ሆነ፣ ሕፃን በድንገት በታመመ ጊዜ ወላጆቹ ከሐኪሙ ደጅ ከመድረሳቸው በፊት ደዌው ሥራውን ሊፈጽም ይችላል። ስለዚህ ከሕፃኑ ጋር አብሮ የተወለደውን፣ በቆዳው፣ በደሙና በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚተጋውን የመከላከያ ኃይል ጠባይ ማወቅ፣ ይህንንም ኃይል ደዌው ሳይመጣ በፊት ማሠልጠን፣ ለከተማው ሰው ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ለደጋው ሰው የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ይበልጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእናንተ ለወላጆች ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች በቤቱ ቢኖሩ፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብላቸው።

አስቀድሞ የነገሩን ምክንያት መረዳት ይገባል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ቀጠሮውን ቶሎ ይዘነጋልና። ከመንጋው ጋር ሲውል እሾህ የወጋው እረኛ ልጃችሁ በሠርክ ወደ ቤት ሲመለስ፣ እግሩን ወደ እሳቱ ብርሃን አቅርባችሁ ተመልከቱት። የተወጋው ቦታ ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ታገኙታላችሁ፤ ሲነኩትም ያመዋል። ይህን ያደረገው እሾሁ አይደለም፤ የገዛ ሰውነቱ ነው። ቆዳው በተቀደደ ጊዜ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ሕዋሳት ጥቃቅን ተሐዋስያን መግባታቸውን ያውቃሉ፤ ለሌሎቹም የሚያስታውቅ ንጥረ ነገር ይረጫሉ፤ ያን ጊዜ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ከደም ሥሩ እየሾለኩ ወጥተው ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፣ ያገኙትንም ተሐዋሲ ውጠው ያሟሙታል። በማግስቱ የምታዩት መግል አብዛኛው በዚህ ተጋድሎ የወደቁት የነጭ ሕዋሳት ትራፊ ነው። ይህን ምሥጢር የገለጠው ኤልያ ሜችኒኮፍ የተባለው የሩስያ ሊቅ ነው፤ በ1875 ዓ.ም በሲሲልያ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ሳለ፣ ገላው ብርሃን በሚያሳልፍ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክቶ አሳደረና፣ ሲነጋ በአጕሊ መነጽር ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። ስለዚህም ሥራው በ1901 ዓ.ም ከጀርመናዊው ሊቅ ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል።

ነገሩ ግን በቁስሉ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። እግሩ የቆሰለው ልጅ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ብሽሽቱን ቢዳብስ፣ አገሬው ንፍፊት የሚለውን ጠንከር ያለ እብጠት ያገኛል። ከቁስሉ ላይ የጠላቱን ቁራጭ የተሸከሙ ሕዋሳት በስሱ ፈሳሽ መተላለፊያ ተጉዘው ወደዚያ ዕጢ ይደርሳሉ፤ በዕጢውም ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ጠላት ብቻ ለይተው የሚያውቁ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ተሰብስበው ይጠባበቃሉ፤ ከእነዚያ መካከል ያንን ቁራጭ የሚያውቀው ሕዋስ ሲገኝ መባዛት ይጀምራል፣ ዕጢውም ስለዚህ ያብጣል። ከሚባዙት አንዱ ወገን አንቲቦዲ የተባለውን፣ በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ተሐዋሲውን የሚይዘውን ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ሌላው ወገን ተሐዋሲ የገባባቸውን የሰውነት ሕዋሳት ራሱ እየፈለገ ያጠፋል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ብርቱ ደዌም ለመግደል ይህን ያህል ቀን ላይጠብቅ ይችላል። ጠላቱ ድል ከሆነ በኋላ ግን ከተባዙት ሕዋሳት ጥቂቶቹ አይሞቱም፤ ለዓመታት፣ አንዳንዶቹም ለዕድሜ ልክ የሚያስታውሱ ሆነው ይቀራሉ። ገብሱ እሸት ሲይዝ ማሳ ጠባቂ የሚሆነው ልጅ ጭላዳው ከየትኛው ገደል ብቅ እንደሚል በመጀመሪያው ዓመት ስለማያውቅ ብዙ እሸት ያስበላል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን መንጋው የሚወጣበትን በር ስለሚያውቅ ወንጭፉን ይዞ ከአፋፉ ላይ ቀድሞ ይቆማል። የሰውነትም ትዝታ እንዲሁ ያለ ነው፤ ያው ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ ዝግጅቱ ሳምንታት ሳይሆን ጥቂት ቀናት ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። ንፍፊት ያበጠበትን ልጅ በጋለ ብረት አትተኩሱት፣ በምላጭም አትብጡት፤ ዕጢው ያበጠው ሥራውን እየሠራ ስለ ሆነ ነው፤ እግሩን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ የቀረ እሾህ ካለ አውጡ፣ እብጠቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንዲሁም ሕፃን ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉንም ሆነ ቶንሲሉን አታስቆርጡ። በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉት የቶንሲል ዕጢዎች በአፍና በአፍንጫ የሚገባውን ሁሉ የሚመረምሩ የዚሁ የመከላከያ ኃይል ክፍሎች ናቸው፤ በተቆረጠው ሥፍራ የሚፈሰው ደምና ባልተቀቀለው መሣሪያ የሚገባው መርዝ የብዙ ሕፃናትን ነፍስ ነጥቋል።

እንግዲህ ክትባት ማለት ለዚህ ኃይል ጠላቱን አስቀድሞ ማሳየት ነው፤ ጠላቱ ወይ ተገድሎ፣ ወይ ደክሞ፣ ወይም ከገላው ቁራጭ ብቻ ተወስዶ ለሕፃኑ ይሰጣል፣ ሰውነቱም ደዌውን ሳይታመም ትምህርቱን ይቀስማል። ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ አባቶቻችን ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል ፈሳሽ እየወሰዱ የጤነኛውን ሰው ቆዳ በጥተው ያስገቡ እንደ ነበር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ መንገደኞች ጽፈዋል፤ ይህን የተቀበለው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለል ባለ ሕመም ይተርፍ ነበር፣ ነገር ግን የሚሰጠው ሕያው ፈንጣጣ ስለ ነበር አንዳንዱ በዚያው ይሞት፣ ለሌላውም ደዌውን ያዛምት ነበር። የእንግሊዙ ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1788 ዓ.ም የከብቱን ፈንጣጣ በመክተብ የሰውን ፈንጣጣ መከላከል እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ አደጋው ቀለለ። በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በጥር ወር 1963 ዓ.ም ተጀምሮ፣ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ከተራራ ወደ ተራራ እየዞሩ ሕመምተኛውን ሲፈልጉና ጎረቤቱን ሲከትቡ ቆይተው፣ በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ተመዘገበ፤ በግንቦት ወር 1972 ዓ.ም ደግሞ ፈንጣጣ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ፊታቸው በፈንጣጣ የተጠቃጠቀ ሽማግሌዎች በቀያችሁ ካሉ ዕድሜያቸውን ጠይቁ፤ ከ1968 ዓ.ም በኋላ በተወለደ ኢትዮጵያዊ ፊት ላይ ያን ጠባሳ አታገኙም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ሕፃኑ ሳይወለድ ይጀመራል። የእናቲቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚተላለፍ፣ እናት የተማረችውን ሕፃኑ ሳይማር ለጥቂት ወራት ይዞት ይወለዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለውን ክትባት ትውሰድ፤ የመጀመሪያውን ለምርመራ በሄደችበት ቀን፣ ሁለተኛውን ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ይኸውም ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፤ ሦስተኛውን ከስድስት ወር በኋላ፣ አራተኛውንና አምስተኛውን በዓመት በዓመት ልዩነት። አምስቱን የፈጸመች ሴት ለመውለጃ ዕድሜዋ ሁሉ ትጠበቃለች። የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋሲ በአፈርና በከብት አዛባ ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት በደጋው ቤት ውስጥ ለእትብቱ ቁስል እጅግ ቅርብ ነው፤ እትብቱ በአዲስ ምላጭ ይቆረጥ፣ ቅቤም ሆነ አመድ አይቀባ፣ ጤና ባለሙያዋ ከሰጠችው መድኃኒት በቀር።

ሁለተኛው ሥራ የመውለጃው ዕለት ሥራ ነው። እንገሩን አትድፉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጡት የሚወጣው ቢጫና ወፈር ያለ ወተት ቆሽሾ የከረመ የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ፣ ወተቱ እስኪነጣ ድረስ ሕፃኑን ለጋ ቅቤ እንዲውጥ ያደርጉታል፤ ይህ ግን ከሁሉ የከበረውን ስጦታ በመሬት ላይ ማፍሰስ ነው፤ ምክንያቱም እንገሩ የሕፃኑን የአንጀት ግድግዳ የሚሸፍን፣ ተሐዋስያንም እንዳይጣበቁበት የሚከለክል አንቲቦዲ የሞላበት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወርም ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም፣ ቅቤም፣ የጤና አዳም ጭማቂም አያስፈልገውም።

በዚያው ዕለት፣ ወይም በተቻለ ፍጥነት፣ ሁለት ክትባቶች ይሰጣሉ፤ አንዱ በአፍ የሚንጠባጠበው የልጅነት ልምሻ መከላከያ፣ ሁለተኛው በክንድ ቆዳ ውስጥ የሚወጋው፣ ሕፃናትን ከከባዱ የነቀርሳ ዓይነት የሚጠብቀው ቢሲጂ ነው። ቢሲጂ በተወጋበት ቦታ ላይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ ቆይቶ ይመግላል፣ ይደርቃል፣ ጠባሳም ይተዋል። እናቶች ይህን አይተው እንዳይደነግጡ፣ ቅጠልም ቀጥቅጠው እንዳይለጥፉበት አደራ እላለሁ፤ ያ ቁስል ሰውነቱ ትምህርቱን ለመቀበሉ ምልክት ስለ ሆነ፣ በንጹሕ ውኃ ከማጠብ በቀር ምንም አያሻውም።

ሦስተኛው ሥራ ቀን መቁጠር ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ብዙ ሕፃን የሚቀረው በዚህ ነውና። የሚቀጥሉት ሦስት ቀጠሮዎች ሕፃኑ በተወለደ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት፣ ይኸውም በ42ኛው፣ በ70ኛውና በ98ኛው ቀን ናቸው። ሳምንት መቁጠር ለማይመቸው ቤት ቤተ ክርስቲያን የሰጠችን ቁጥር አለ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40ኛው ቀን ነውና፣ የክርስትናው ድግስ በተበላ በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ቀጠሮ ደርሷል ማለት ነው። ሴት ልጅ የምትነሣው በ80ኛው ቀን ስለ ሆነ ግን፣ ሁለቱ ቀጠሮዎች ከክርስትናዋ በፊት ይውላሉ፤ የመጀመሪያው 38 ቀን፣ ሁለተኛው 10 ቀን ቀድሞ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከክርስትናዋ 18 ቀን በኋላ ነው። እናቲቱ አራስ ነኝ፣ የመንጻቴ ቀን አልተፈጸመም ብላ ሴት ልጇን እስከ ክርስትናዋ ካቆየቻት፣ ሕፃኒቱ ያለ መከላከያ ከወንድሟ ከአንድ ወር በላይ አብልጣ ትቆያለች። የመንጻቱ ሥርዓት ከቤተ መቅደስ ስለ መግባት የተሠራ እንጂ ከጤና ኬላ ስለ መሄድ የተሠራ አይደለም። ቄሱ በክርስትናው ቀን ይህን ለወላጆች ቢያሳስቡ ከምንም ማስታወቂያ የበለጠ ይደመጣል። ዓይን እንዳይበላው ሕፃኑን ማውጣት የሚያስፈራችሁ ብትኖሩም፣ ሸፍናችሁ በነግህ ይዛችሁት ሂዱ፤ ቀጠሮው ግን አይለፍ።

በእነዚህ ሦስት ቀጠሮዎች ላይ ሕፃኑ በአንድ መርፌ ከአምስት ደዌ ይከተባል፤ እነርሱም ዘጊ አናዳ የሚባለው የጉሮሮ ደዌ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ቢ፣ እንዲሁም የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣው ሂብ ናቸው። በሌላ መርፌ ሌላውን የሳንባ ምች ተሐዋሲ፣ በአፍ ጠብታ ደግሞ የልጅነት ልምሻንና ሮታ የተባለውን የተቅማጥ ተሐዋሲ ይከላከላል፤ በሦስተኛው ቀጠሮ የልምሻው ክትባት በመርፌም ይጨመራል። ዝርዝሩ በየጊዜው አዲስ ክትባት ስለሚጨመርበት በካርዱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ለምን ሦስት ጊዜ ያስፈልጋል የሚል አባት ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ የሚመረተው አንቲቦዲ ጥቂትና አያያዙም የላላ ነው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ግን በንፍፊቱ ዕጢ ውስጥ ጠላቱን አጥብቀው የሚይዙት ሕዋሳት እየተመረጡ ይበዛሉ፣ ደካሞቹም ይቀራሉ፤ ለዚህ ምርጫ ጊዜ ስለሚያስፈልግ በቀጠሮዎቹ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠበቃል። ክረምቱ መንገዱን ዘግቶባችሁ፣ ወይም የመኸር ሥራ ይዟችሁ አንዱ ቀጠሮ ቢያልፍ፣ ያለፈው ከንቱ ሆነ ብላችሁ አትተዉት፤ ሰውነቱ ያስታውሳልና ከመጀመሪያ መጀመር ሳያስፈልግ ከቆመበት ይቀጠላል። ካርዱንም ከእሳቱ ጢስና ከጣራው ፍሳሽ በሚድንበት ሣጥን አኑሩት።

በክትባቱ ሌሊት ሕፃኑ ቢተኵስ፣ ቢነጫነጭ፣ የተወጋው ጭኑም ቢያብጥ፣ በእሾሁ ጊዜ ያያችሁትን አስታውሱ፤ ሰውነቱ ትምህርቱን እየተቀበለ ነው። ልብሱን አቅልሉለት እንጂ በተደራረበ ጋቢ አትጠቅልሉት፣ ጡት ደጋግማችሁ ስጡት፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል። ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ካልለቀቀው ግን ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ግዴታ ነው።

ስለ ራሱ ስለ ክትባቱ አጠባበቅ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ ይህን ሲሰሙ ብዙዎች የሚፈሩት ሙቀቱን ብቻ ነው። በሰሜን ተራራ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳልና፣ የአምስቱ ደዌ ክትባት፣ የሳንባ ምቹም፣ የመንጋጋ ቆልፉም አንድ ጊዜ በረዶ ከሆኑ ኃይላቸው ይጠፋል፣ ቢቀልጡም አይመለስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ሩቅ ቀበሌ ስትሄድ በቤታችሁ ብታድር፣ የክትባቱን ሣጥን በውጭ በረንዳ አታሳድሩ፣ ወደ ምድጃውም አታስጠጉ፤ ሣጥኑ በቤቱ ውስጥ ከእሳት ርቆ በጥላ ይደር። በጠርሙሱ ላይ በክብ ምልክት ውስጥ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ፤ ክትባቱ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ይህ ማዕዘን እየጠቆረ ይሄዳል፣ ጥቁረቱ ከክቡ ጋር ከተስተካከለም ክትባቱ አይሰጥም። ይህን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ለወላጅ ነውር አይደለም። ምልክቱ ግን ሙቀትን እንጂ ውርጭን አይናገርም፤ ስለዚህ የውርጩ ጥንቃቄ በሰው እጅ ያለ ነው። ደግሞም ቢሲጂና የኩፍኝ ክትባት ዱቄታቸው በውኃው ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ ስለማይቆዩ፣ የቀበሌው ሕፃናት በአንድ ቀን ተሰብስበው እንዲከተቡ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ በተጠራችሁበት ቀን በጧት ተገኙ።

አራተኛው ሥራ የኩፍኝ ክትባት ነው፤ የመጀመሪያው በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በአሥራ አምስት ወር ይሰጣል። እስከ ዘጠኝ ወር የሚጠበቅበት ምክንያት ሕፃኑ ከእናቱ ይዞት የተወለደው አንቲቦዲ ገና ሳያልቅ ቢከተብ፣ ያ የእናት አንቲቦዲ የደከመውን የክትባት ተሐዋሲ ትምህርቱን ሳይሰጥ ስለሚያጠፋው ነው። ኩፍኝን ከሌሎች ደዌዎች ለይቼ የማነሣው ልጁን በዚያው ሰሞን ስለሚያሠቃየው ብቻ አይደለም። የኩፍኝ ተሐዋሲ የሚያጠቃው እነዚያን የሚያስታውሱትን ሕዋሳት ራሳቸውን ስለ ሆነ፣ ልጁ ከኩፍኙ ቢድን እንኳ ስለ ሌላ ደዌ የተማረውን ብዙውን ረስቶ ይነሣል። በ2012 ዓ.ም የታተመ ምርምር ኩፍኝ የያዛቸውን ያልተከተቡ የሆላንድ ልጆች ደም ከሕመማቸው በፊትና በኋላ መርምሮ፣ ከነበራቸው የአንቲቦዲ ዓይነት ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ እንደ ተገኘ ገልጧል። ኩፍኝ ካለፈ በኋላ በወራት ውስጥ ልጆች በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚወድቁት ስለዚህ ነው፤ የድሮ እናቶች ልጃቸውን ኩፍኙ ካለፈም በኋላ አጥብቀው ይጠብቁት የነበረው ይህን በዓይናቸው አይተው ኖሯል። ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ ከሌሎች ልጆች ለይታችሁ ማኖራችሁ መልካም ልማድ ነው፤ የታመመው ልጅ ከወጣ በኋላ እንኳ ተሐዋሲው በዚያ ቤት አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያልና። ነገር ግን ምግብ አትከልክሉት፣ ከሐኪምም አትደብቁት፤ በሁለት ተከታታይ ቀን የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ዓይኑንም ነፍሱንም ያተርፍለታል።

አምስተኛው ሥራ ምግብ ነው፤ የተማረ ሕዋስም ያለ ምግብ አይባዛም። ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ያለው፣ ተሐዋሲ የገባባቸውን ሕዋሳት የሚያጠፋው ወገን የሚሠለጥንበት ታይመስ የተባለው ዕጢ፣ በብርቱ ረኃብ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይሟሽሻል። በ2016 ዓ.ም በበየዳ፣ በጃን አሞራና በጠለምት ድርቁ በጸና ጊዜ ከረኃቡ ጋር የደዌው ሥጋት ለምን እንደ በረታ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11 ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካነሰ አደጋ ላይ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀለም የተለየ መለኪያ ጥብጣብ ስላላት ልጃችሁን አስለኩ፣ በየስድስት ወሩም ቫይታሚን ኤ ይውሰድ። በጾም ወራት ልጁ እንቁላልና ወተት የሚያጣው ቤተ ክርስቲያን ስላዘዘች አይደለም፤ ሕፃናትን ከሰባት ዓመት በፊት ለጾም አታስገድድም፤ እናቲቱ ዕቃው እንዳይነካካባት ስለምትፈራ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለልጁ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይታችሁ፣ ለብቻው በሚሰቀል እንቅብ አኑሩ። ስለ ጢሱም አንድ ቃል ልጨምር፤ የምድጃ ጢስ በአየር ቧንቧው ላይ ያሉትን፣ አቧራና ተሐዋሲ ጠርገው የሚያወጡትን ረቂቅ ጠጉሮች ስለሚያደክም፣ ብርዱ ቢበረታም ሕፃኑን ከእሳቱ በላይ አትያዙት፣ በጢሱ መንገድም አታስተኙት።

የመጨረሻው ክፍል ለአባቶችና ለጎልማሶች ነው። በየዳ ብርድ ስለ ሆነ የወባ ትንኝ አይራባባትም፤ ስለዚህ የደጋው ሰው ወባን የሚያስታውስ ሰውነት የለውም፤ በቆላ የተወለደው ሰው ግን ደጋግሞ ታሞ ከፊል መከላከያ ያተርፋል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የምትወርዱ ሁሉ እንደ ቆላው ሰው እቋቋመዋለሁ አትበሉ፤ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፣ ትኩሳት በጀመራችሁ ዕለትም ተመርመሩ። የደምቢያው የወባ ወረርሽኝ ካደረሰው መቅሠፍት በኋላ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት የሆነው ይኸው ደዌ ነው።

ከወባ ይልቅ የሚያታልለው ግን ካላዛር ነው። በዚያ ቆላ በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬትና በግራር ዛፍ ሥር የምትኖር፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ነክሳ ታስተላልፈዋለች። አስቀድሜ የተናገርሁላችሁ ተሐዋሲን የሚውጡት ሕዋሳት የካላዛርንም ተሐዋሲ ይውጡታል፤ እርሱ ግን በሆዳቸው ውስጥ ሳይሟሟ ይኖራል፣ በዚያው ይራባል፣ ጠባቂውን ማደሪያው አድርጎ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይሰፍራል። ብዙውን ጊዜ ደዌው የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ ሠራተኛው ገንዘቡን ይዞ ወደ ደጋው ከተመለሰ ወዲህ ነው፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አይለቅም፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ በእጅ ይዳሰሳል። ጣፊያውን ማስተኮስ አይፈውሰውም፤ ካልታከመ ይገድላል። በጠብታ ደም ይመረመራል፣ ለሁለት ሳምንት ተኩል ያህል በየቀኑ በሚሰጥ መርፌም ይታከማል፤ ይህን ሕክምና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረግ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያበረታልና ሕክምናው ይለያል። በደጋው ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ይህን ደዌ ቶሎ ላይጠረጥር ስለሚችል፣ ገና ስትገቡ ስለ ትኩሳቱ ከመናገራችሁ በፊት በየትኛው ወር፣ በየትኛው እርሻ እንደ ሠራችሁና ሌሊቱን በሜዳ ወይስ በአጎበር ውስጥ እንዳደራችሁ ንገሩት።